ንብ ለጫነች መኪና አሞርዛተር ስመርጥ

ጋራዤን የዘጋሁት ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው። መኪና ሥር መግባቱንስ እገባ ነበር፤ መውጣቱ ነው ያቃተኝ። አንድ ቀን ከሥር ሆኜ «ኧረ እጄን ሳቡኝ» እያልኩ ስጣራ የሚሰማኝ ጠፍቶ፣ የሰው መኪና ሆድ እያየሁ ተኝቼ ቆየሁ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ «በቃኝ» አልኳት። «ይኸን ስትለኝ ስንተኛህ ነው?» ብላ ሳቀች። የዚያን ቀኑ ግን የምር ነበር።

የጋራዡ ቤት ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆኗል። ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን አሁንም ያስቆሙኛል። ስልካቸውን አውጥተው የመኪና እቃ ፎቶ ያሳዩኛል።

«አያ ደምሴ፣ ይቺን አሞርዛተር ልዘዝ ብዬ ነበር። ለኔዋ አሮጊት ትሆናለች?»

ስልኩን ከዐይኔ ራቅ አድርጌ አየዋለሁ። «ምን ትጭናለህ?» እለዋለሁ።

«ኧረ አያ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ አሞርዛተሩ!»

«እኔም ስለሱ ነው የመለስኩልህ።»

ያን ጥያቄ ከማን እንደተማርኩት፣ አንዴ ሳልጠይቅ ቀርቼም ምን እንደደረሰ መንገድ ዳር ቆሞ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ።

ሥራ የጀመርኩት ጋሸና ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። የአባቴን ገብስ ይዤ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና እዚያ ሲደርስ የኋላ ባሌስትራው ተሰበረ። ባሌስትራ ያ ተደራርቦ የታሰረው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ነው። ሌላው ተሳፋሪ ብርዱን ሸሽቶ ምግብ ቤት ሲገባ እኔ እዚያው ቀረሁ። ያን የሚያክል ብረት ለምን እንደተሰበረ ማወቅ ፈልጌ ነው። ከመኪናው ሥር የሁለት እግር ጫማ ብቻ ይታያል።

«አንተ ገታራ» አለኝ ከጫማው በኩል የመጣ ድምፅ፣ «ቆመህ ከምታፈጥ ያንን ዳዶ ያዝልኝ።»

የብሎኑን ማጥበቂያ ያዝኩለት። ገብሱን ሸጬ፣ ብሩን ለአባቴ አድርሼ ተመልሼ መጣሁና ስምንት ዓመት ቆየሁ።

ባለ ጫማው አያ ይማም ይባላሉ። ማንበብ መጻፍ አይችሉም፤ የፈቱትን እቃ የግራውን አንድ፣ የቀኙን ሁለት ቋጠሮ ባለው ሽቦ አስረው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ አንዴም ተምታቶባቸው አላየሁም። መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ትጭናለህ?» ነው። ቀጥሎ «በየት በኩል ትመላለሳለህ?» ነው። «ምን ሆነብህ?» የሚሉት በመጨረሻ ነው። አንድ ችኩል ሾፌር፣

«አባቴ፣ ሐኪም እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንህን አመመህ ብሎ ነው» ቢላቸው፣

«ሐኪም ወላሂ ዕድለኛ ነው» አሉት። «በሽተኛው ራሱ ይናገርለታል። ያንተ መኪና አፍ የላትም። ያለችው አንተን ነው፤ አንተ ደግሞ ትዋሻለህ።»

ሾፌሩም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ወዲያው ግን የጫነው ከተናገረው እጥፍ እንደነበር አመነ።

መኪና ሲፈትሹ ከሾፌሩ ጎን አይቀመጡም። ከኋላ ወንበር ጥግ ይዘው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። «መሪ የያዘ ሰው ጉድጓዱን አስቀድሞ ያየዋል፣ ሰውነቱን ያዘጋጃል። መንገዱን የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው ነው» ይሉ ነበር። ሲመለሱ ወርደው በየጎማው በኩል ያሉትን አራቱን አሞርዛተሮች በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ሞቅ ያለው ሲሠራ የመጣ ነው። ቀዝቃዛውን መታ መታ አድርገው «ይኸ ሰነፍ መንገዱን ሙሉ ተኝቶ ነው የመጣው» ይላሉ። ያ ተለዋጭ ይፈለግለታል።

እኔ ይኸ ነገር አላስችል አለኝ። ብረት እንዴት ይሰንፋል? አንድ ያረጀ አሞርዛተር በመጋዝ ቆርጬ ከፈትኩት። ውስጡ ጥቁር ዘይት አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ዘንግ ይወጣል ይወርዳል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ሽንቁሮች አሉ። አያ ይማም ሥራ ፈትቼ እንደዋልኩ እያዩ አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«አየህ፣ ሞላው ይሸከማል። ይኸኛው ደግሞ ያረጋጋል። ዘይቱ በዚች ቀዳዳ ተጨናንቆ ሲያልፍ ይደክማል፤ የደከመ ይሞቃል። ሞላ ብቻ ያላት መኪና አንድ ድንጋይ ረግጣ እስከ ማታ ስትዘል ትውላለች።»

ከጋሸና ወደ ወገል ጤና ሄድኩ፤ አንድ መንገድ ሠሪ ካምፕ ተቀጥሬ። አለቃችን መሐንዲስ ነበር፣ ወረቀት የሚወድ። በብረትና በብረት መሃል የምትገባዋን ላስቲክ፣ ጎሚኒ የምንላትን፣ ከመጋዘን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። ደመወዙ ግን ቀን አይስትም ነበር። ከሱም አንድ ነገር ተምሬአለሁ። የጎሚኒ ዳዶ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ እንዳለ ማጥበቅ ክልክል ነው ይለን ነበር። ጎማው መሬት ረግጦ፣ መኪናው በክብደቱ ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚጠብቀው። አለዚያ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይኖርና በወሩ ይቀደዳል። «ለምን?» ስለው ደንግጦ አየኝ። ከዚያ በፊት የጠየቀው ሠራተኛ ያለ አልመሰለኝም። ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለልኝ።

የራሴን ጋራዥ ላሊበላ ስከፍት እንግዲህ አዋቂ ነኝ ብዬ ነበር። በኛ በኩል መንገዱ ድንጋይ፣ ጭነቱ ከባድ ነው። ሾፌሩ ሁሉ መኪናው እንድትጠነክርለትና ከፍ እንድትልለት ይፈልጋል፤ ዝቅ ባለች መኪና ያፍራል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበረን። ከአሮጌ ጎማ ወፍራም ቁራጭ እናወጣና በሞላው ቀለበቶች መሃል እንወትፈዋለን። መኪናዋ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ባለቤቷም ደረቱን። እኔም ሳደርገው ኖርኩ። አያ ይማም ይኸን አይወዱም ነበር፤ ግን ጋሸና ሩቅ ነው፣ እሳቸውም አርፈዋል፣ ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ቆሟል።

ወይዘሮ ታንጉት የመጣችው በዚህን ጊዜ ነው። መኪናዋ ከኋላዋ ረዘም ያለች አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ወለሉ ባዶ ሆኗል። ወለሉን አየሁና በልቤ «ጤፍ ነጋዴ» አልኩ።

«አያ፣ እቃ ስጭንባት ከኋላ መሬት ለመሬት ትሄድብኛለች» አለችኝ።

«ገባኝ እታለም። እንደ ግንብ አደርግልሻለሁ።»

«ግንብ እንኳ ባትሆን...» ብላ ጀመረች። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋብኝና ዞር አልኩ። ስመለስ ዝም ብላለች። እኔም አልጠየቅኳትም።

ከፊት፣ ከሷ መኪና ለምትከብድ መኪና የተሠሩ ድርቅ ያሉ አሞርዛተሮች አገኘሁ፤ የብሎኑ ቀዳዳ ልክክ አለ፣ ገጠምኩ። ከኋላ የአሮጌ የእቃ ማመላለሻ ወፍራም ሞላ አስገባሁ። በዚያ ላይ የጎማውን ቁራጭ ወተፍኩበት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ታንጉትም «ሙሽራ መሰለች እኮ» ብላ መርቃኝ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጣች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። የኋላ በሩን ከፈተችና «እስኪ እዩልኝ» አለች።

ስድስት የንብ ቀፎ። ከሥራቸው ማር እየፈሰሰ የመኪናውን ወለል ሞልቶታል። ክንፋቸው የተጣበቀ ንቦች በማሩ ላይ ይጎተታሉ። የአንዱን ክዳን አነሣችልኝ። ንብ የማር እንጀራዋን የምትሠራው ከላይ ከተጋደመ እንጨት ላይ አንጠልጥላ ነው፤ እንደ ተሰጣ ነጠላ ጎን ለጎን ይንጠለጠላል። እዚህ ግን ሁሉም ረግፎ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሯል። በመሃሉ የነበረው ንብ በገዛ ማሩ ሰጥሟል።

አበባ በአንድ በኩል ሲያልቅ በሌላ በኩል ይከፈታል። እሷም ቀፎዎቿን ጭና ወደ ብልባላ፣ አበባው ወዳለበት እየወሰደቻቸው ነበር። የእያንዳንዱን ድንጋይ ምት መኪናዋ ተቀብላ ወደ ቀፎዎቹ ወርውራዋለች። ከስድስቱ አራቱ አለቁ።

«ምን ትጭኛለሽ ቢሉኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አያ ይማም ይኸን ሳያዩ ማረፋቸው ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ያን ቀን ወለሉን አብረን አጠብን። እያጠብን «አንድ ቀፎ ከነማሩ ምን ያህል ይከብዳል?» ብዬ ጠየቅኳት። ዘግይቶ መጠየቅ መሆኑን አውቃለሁ። ባዶ ቀፎ አሸከመችኝ፣ የማሩን ክብደት በድንጋይ ጨመረችልኝ። ስድስቱም ተደምረው ያን ሞላ ጎንበስ እንኳ አያደርጉትም። ታዲያ በፊት ለምን መሬት ለመሬት ትሄድ ነበር? ከጣልኩት ብረት መሃል የራሷን የኋላ ሞላ ፈልጌ አወጣሁት። አርጅቶ፣ ደክሞ ቁመቱ አጥሯል። ጭነቱ ቀላል ነበር፤ የተሸካሚው ጉልበት ነው ያለቀው። የሚያስፈልጋት ያው የራሷ ዓይነት ሞላ፣ ያልደከመ፣ ብቻ ነበር። እኔ ለጤፍ የሚሆን ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤቷ እየሄድኩ ንቦቿን አያለሁ። መጀመሪያ ጥፋቴ ከብዶኝ ነው የሄድኩት፤ በኋላ ግን ደስ ብሎኝ። ንብ ምን ያስቆጣዋል? እንጀራው መሰንጠቅ የሚጀምረው ከየት በኩል ነው? እያልኩ እጠይቃታለሁ። ታንጉት መጀመሪያ በአጭሩ ትመልስልኝ ነበር። ኋላ ላይ «ዛሬስ ጥያቄ አልቆብዎታል እንዴ?» ማለት ጀመረች። በሁለቱ ቀፎ የቀሩትን አራባች፣ የተሰደደ መንጋ ከዛፍ ላይ አወረደች፤ ዓመቱ ሲዞር አምስት ቀፎ ሆነላት። አበባው ወደ ብልባላ ሊያልፍ ሲል መኪናዋን ይዛ መጣች።

«አያ፣ እነዚህ ከሞቱብኝ እኔ ከእንግዲህ ንብ አልይዝም። መኪናዋንም እሸጣታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ወደኔ መጣሽ?»

«ሌላ ጋ ብሄድ እሱም አይጠይቀኝም። እርስዎ ቢያንስ አሁን ያውቃሉ።»

ለመለዋወጫው ወልድያ ወረድን። ሱቁ እስከ ጣሪያው ያገለገለ እቃ ነው። ባለሱቁ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ አሞርዛተር አወጣልኝ።

«ኦሪጅናል ነው አባቴ፣ አዲስ በሉት።»

በጥፍሬ ቀለሙን ፋቅ አደረግኩት። ከሥሩ ዘይት የጠጣ አቧራ አለ። ዘይቱን ያፈሰሰ፣ እኛ ያለቀሰ የምንለው አሞርዛተር ነው፤ አጥበው ቀብተውታል።

«ልጄ፣ ይኸ የቀባኸው እንባውን ነው።»

«አይ የላስታ ሰው!» አለና ሳቀ፤ አላፈረም። «እሺ፣ ቁጭ ይበሉና ራስዎ ይምረጡ።»

ቁጭ ብዬ መረጥኩ፤ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ዘንጉን ወደ ታች እጫናለሁ፤ ሳይነጥር፣ ሳያመነታ፣ እኩል በሆነ ፍጥነት ሲወጣ እቀበለዋለሁ። መሃል ላይ ባዶ የሚሆን ካለ እተወዋለሁ። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ እተወዋለሁ፤ ያ ጭረት የዘይቱን መዝጊያ ላስቲክ ይበላዋል። ቁመቱን ከአሮጌው በለካሁበት ሲባጎ ገጠምኩት። ታንጉት ሲባጎውን በአንድ ጫፍ ይዛ «ልብስ የሚሰፉልኝ ይመስላሉ» ትላለች። ሞላውንም የብረቱን ውፍረት፣ የቀለበቱን ብዛት፣ የቁመቱን ልክ ከሷው መኪና ጋር እያስተያየሁ ጥንድ አገኘሁ። ለአሞርዛተሩ ግን ያገለገለ ልቤ እምቢ አለኝ። ባለሱቁ ከጎረቤት ያልተነካ፣ ከነካርቶኑ፣ ለዚያችው መኪና የተሠራ አስመጣልን። አራቱንም። አንዱን አዲስ ጓደኛውን አሮጌ ማድረግ መኪናን ማንከስ ነው።

ላሊበላ ተመልሰን እያንዳንዱን አሞርዛተር ከመግጠሜ በፊት አቁሜ ደጋግሜ ወደ ላይ ወደ ታች ሳብኩት። ተኝቶ የከረመ አሞርዛተር ዘይቱ ውስጥ አየር ይገባበታል፤ አየሩ ካልወጣ ገና ከመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰንፋል። የጎማ ቁራጮቹን አውጥቼ ጣልኩ። ጎሚኒዎቹንም ቀየርኩ። የአምስቱን ቀፎ ክብደት በድንጋይ ጭኜ፣ መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማ፣ ዳዶዎቹን ያን ጊዜ አጠበቅኩ።

ከዚያ ሙከራ መጣ። ንብ ጭኖ መሞከር አይቻልም። ታንጉት ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልታ ከኋላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እሷ ነዳች፣ እኔ ከሳህኑ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«እንዴት ነው?» ትለኛለች ከፊት።

«ጉድጓዱን ውጦታል!» ድንጋዩን ስንረግጥ ውሃው ረገብ አለና ዝም አለ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር። ጎማ የቦረቦረው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን መኪናዋ ወደ ጎን ተወዛወዘችና ውሃው በሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞላን። እንደገና በጎን ፈሰሰ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ጠብ አላለም፤ እሷ ፍሬን የምትይዘው በርጋታ ነው።

እኔ ሞላውን ትንሽ ጠንከር ላድርገው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ያ የድሮ አመሌ ነው። ታንጉት ወርዳ ሱሪዬን አየች፣ ሳህኑን አየች።

«እንጀራው እኮ ገበታ ነው» አለች። «በፊቱ ሲገፉት ይሰበራል፤ በጠርዙ ሲገፉት አይነቃነቅም። እኔ ቀፎውን ስጭን ሁልጊዜ በርዝመቱ ነው የማስገባው፣ በሩ ላይ ስለሚቀለኝ። እንጀራው ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ ነው የሚሄደው።»

«እና?»

«እና መኪናዋን ይተዋት። የሚዞረው ቀፎው ነው።»

አምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ባልቀረው ሥራዬ ላይ ቆሜ፣ ይኸን አንድ ቀን አላሰብኩትም። ጭነቱን ማዞር! መኪና ሠሪ ሁልጊዜ መኪናዋን ነው የሚያየው።

በማግስቱ ንቡ ሳይወጣ፣ ገና ሰማዩ ሲገረጣ፣ የቀፎዎቹን በር በሣር ወትፈን በአግድም ጫንናቸው። አምስተኛዋ ቀፎ ቦታ አጥታ ልክ ከኋላው ጎማ በላይ ወደቀች፤ ምቱ የሚበረታው እዚያ ነው። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩና ጆሮዬን ለጠፍኩባት። መንገዱን ሙሉ ከውስጥ እንደ ሩቅ ወፍጮ ይሰማኛል። ድንጋይ ስንረግጥ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ዝቅ ይላል።

«ያለቅሳሉ ወይስ ይዘፍናሉ?» ትለኛለች ታንጉት መሪውን እንደያዘች።

«ይሰድቡሻል።»

«ተመስገን።»

ብልባላ ደርሰን ከማሳው ዳር ቀፎዎቹን አውርደን በራቸውን ከፈትን። ክዳን ማንሣት አልፈለገችም። «ዛሬ ከተንገላቱ በኋላ ቢከፈቱ ቤቱን ጥለው ይሄዳሉ» አለች። «እንዴት ታውቂያለሽ ታዲያ?» አልኳት። ንቡ መጀመሪያ ወጥቶ አገሩን ያያል፤ ከዚያ አበባ ላይ ይሄዳል፤ እናቲቱና ልጆቹ በሕይወት ካሉ ቢጫ የአበባ ብናኝ በእግሩ ይዞላቸው ይመጣል፤ ቢጫ ካየን ቤቱ ቆሟል ማለት ነው አለችኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ንቦቹ ሲወጡ ወዲያው አይሄዱም። ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው፣ ወደ ኋላ እየበረሩ፣ ግራ ቀኝ ይላሉ። «ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ። «የአዲሱን ቤታቸውን መልክ እየያዙ» አለች። ክቡን እያሰፉ፣ እያሰፉ ሄዱ።

ፀሐዩ ከፍ ሲል አንደኛው ቀፎ ላይ ቢጫ ታየ። ሁለተኛው ላይ። ቀጥሎ ሁለቱ እኩል። ታንጉት በየተራው «እሰይ» ትላለች፤ ድምፅዋ እየቆየ ይቀጥናል። አምስተኛዋ፣ ከጎማው በላይ የነበረችው፣ ንቦች ከውስጧ ይወጣሉ እንጂ ቢጫ ይዞ የሚገባ የለም።

«አራት አተረፍኩ፤ አራት ጥሩ ነው» አለች። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «እንሂድ አያ፣ ፀሐዩ በረታ።»

«ቆይ እስኪ እታለም።»

ክንፏ ጫፉ ላይ የተቀደደ አንዲት ንብ ከዚያች ቀፎ ስትወጣ አይቼ ነበር። ወደ ምሥራቅ ነው የሄደችው።

«ምን ይጠብቃሉ?»

«አንዲቱ ገና አልተመለሰችም።»

«ንብ በመልክ ማወቅ ጀመሩ?» ብላ ሳቀች፤ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለታችንም ምሥራቁን እያየን ቆየን። ጉልበቴ ድንዝዝ አለ፤ መነሣት ቢያስፈልገኝ ማን ሊስበኝ እንደሆነ አላውቅም። ያችኛዋ ስትመጣ እኔ አላየኋትም፣ ታንጉት ናት ያየቻት። ክንዴን ጨበጠችኝ። ክንፈ ቅዳጇ ቀፎው አፍ ላይ አርፋ፣ በሁለት እግሮቿ ሁለት የቢጫ እንክብል ተሸክማ፣ ትንሽ አቅማማችና ገባች።